አምፖሉ ራሱ ኢንተርኔት ከየት ያገኛል?

ኢንተርኔት ላይ አንድ የውይይት ክር አነበብኩ። ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ ልጠይቅ ብሎ ጀምሮ በቃለ አጋኖ ነው የጨረሰው። ሐሳቡ ይሄ ነው። ዋይፋይ ሊያበቃለት ነው፣ ላይፋይ የሚባል ነገር መጥቷል። ኢንተርኔቱን በሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን በመብራት ይልካል። ፍጥነቱ ከዋይፋይ 100 እጥፍ ነው። አምፖል ደግሞ በየቤቱ አለ። ታዲያ አምፖል እየቀየርን ብቻ አገሩን በሙሉ ኢንተርኔት ማስገባት ስንችል ምን ይዞን ነው የምንጠብቀው?

ከስር አንድ ቪዲዮ ለጥፏል። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሃራልድ ሃስ በ2011 ኤድንብራ ውስጥ ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ያሳዩት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ላይፋይ የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የቆመ፣ ተራ የሚመስል የማንበቢያ መብራት አለ። ከስሩ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ዕቃ። ከኋላ ስክሪኑ ላይ ቪዲዮ ይጫወታል። ሰውዬው መዳፋቸውን በመብራቱና በቀዳዳው መሃል ሲያስገቡ ቪዲዮው ቀጥ ይላል። እጃቸውን ሲያነሱ ይቀጥላል። በዓለም ላይ ያለው አምፖል 14 ቢሊዮን ነው ብለውም ነበር። ያንን አይቶ ልቡ የዘለለ ሰው ላይ አልፈርድም።

ክሩ ረጅም ነው። መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ እነግራችኋለሁ፣ አንዳንዱን በጨረፍታ እያለፍኩ።

ቁጥር 1 አመስግኖ፣ ዕድሜና ጤና ተመኝቶ፣ ቪዲዮው ስንት ሜጋ እንደሚበላ ጠይቆ ወጣ።

ቁጥር 2 ሙድ ያዘበት። እኛ ሰፈር መብራት መጣ ሲባል እልል ነው የሚባለው፤ አሁን ደግሞ መብራቱ ሲሄድ ኢንተርኔቱን አስከትሎ ሊሄድ ነው ማለት ነው ይላል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አይነት ነገር። ከክሩ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይሄ ነው።

ቁጥር 3 ቀልዱን በቁም ነገር ወሰደው። ዋይፋዩስ መብራት ሲሄድ መች ይቀራል? ራውተሩም አብሮ ጭጭ ነው። የሚተርፈው የስልክ ዳታ ነው፣ እሱም ታወሩ ባትሪና ጄኔሬተር ስላለው። ኤልኢዲ አምፖል የሚበላው ጥቂት ዋት ስለሆነ በትንሽ ዩፒኤስ ማቆየት ይቻላል ብሎ አስረዳ። ትክክል ነው። ግን ቀልድን በስሌት የሚመልስ ሰው ላይክ አያገኝም፣ አላገኘምም።

ነገሩ የምር የጀመረው ቁጥር 4 ላይ ነው። ጸሐፊው የኔትወርክ ገመድ በመዘርጋት እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። በጨዋ ደንብ፣ የክሩን ባለቤት እርስዎ እያለ፣ አምፖሉ ራሱ ኢንተርኔቱን ከየት እንደሚያገኝ ጠየቀ። ብርሃን የመጣለትን ያሳልፋል እንጂ ከራሱ ኢንተርኔት አያፈልቅም። ላይፋይ ደግሞ ግድግዳ አያልፍም። የሳሎኑ መብራት መኝታ ቤት አይደርስም። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሳሎን አንድ፣ ለየመኝታው አንድ አንድ፣ ለወጥ ቤት አንድ፤ ለእያንዳንዱ ደግሞ ከራውተሩ ጀምሮ እላይ ድረስ የሚሄድ ገመድ ያስፈልጋል። እላይ ያለው ደግሞ ሶሌታ ነው፣ የኮንክሪት ጣሪያ። ሶሌታ መብሳት ምን ማለት እንደሆነ ሰውዬው በዝርዝር ጻፈው። መሰላል ላይ ቆመህ ድሪሉን ወደ ላይ ትይዛለህ፣ ነጭ አቧራው ዓይንህ ውስጥ ይወርዳል፣ ጫፉ ፌሮ ሲያገኝ መጮህ ይጀምራል፣ ከላይ ያሉት ጎረቤት ደግሞ በነጠላ ጫማ ወርደው ምን እያደረጋችሁ ነው ይላሉ። ያን ሁሉ አልፎ የሚገኘው ነገር አንድ ዋይፋይ ራውተር ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ የሚሰራው ሥራ ነው።

እኔ እንደ አንባቢ ክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም።

ቁጥር 5 የክሩ ባለቤት ነው። ገመድ አያስፈልግም፣ ዳታው በራሱ በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ተጭኖ ይሄዳል አለ። ቁጥር 6 ኤሌክትሪሽያን ነኝ የሚል ሰው መልስ ሰጠው። ቴክኖሎጂው አለ፣ እሱ ራሱ ገጥሞ ያውቃል። ግን በአሮጌ ቤት ውስጥ መስመሩ በየቦታው በቴፕ እየተጠቀለለ ነው የተቀጣጠለው፤ ምጣድ በተጣደ ቁጥር፣ የውሃ ፓምፕ በተነሳ ቁጥር ዳታው ይንገጫገጫል። ደግሞስ ቆጣሪው ድረስ ኢንተርኔቱን ማን ያመጣዋል? የተረሳችው ጥያቄ ተመልሳ መጣች። የክሩ ባለቤት ይህችን ጥያቄ እስከ መጨረሻው በቀጥታ አልመለሳትም።

ቁጥር 7 የፊዚክስ መምህር ናቸው፣ አነጋገራቸው ያስታውቃል። ጭቅጭቁን ትተው አሰራሩን አስረዱ። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ሽቦ አግሎ አይደለም የሚያበራው፤ ስለዚህ በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ዓይን አያየውም፣ የብርሃን መቀበያው ግን ያየዋል፤ ከፍ ሲል አንድ፣ ዝቅ ሲል ዜሮ። ችግሩ እኛ ነጭ የምንለው ኤልኢዲ በእውነቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊው ብርሃን ላዩ ላይ የተቀባውን ቢጫ ዱቄት ሲመታው ነው ነጭ የሚሆነው። ሰማያዊውን የሠሩት ሦስት ጃፓን ተወላጆች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ወስደዋል። ቢጫው ዱቄት ግን ቀርፋፋ ነው። ሰማያዊው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ቅጽበት ይፈካል፣ ዳታው ይደባለቃል። ስለዚህ መቀበያው ፊት ላይ ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይደረጋል። ከርካሽ አምፖል ፈጣን ኢንተርኔት ማውጣት እንደ ቪዲዮው ቀላል ያልሆነው በዚህም ነው።

በዚያው ሁሉም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነገር ጨመሩ። የቲቪ ሪሞቱን ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ አንዱን ቁልፍ መጫን። ባዶ ዓይን ምንም አያይም፣ ስክሪኑ ላይ ግን የሪሞቱ ጫፍ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። በብርሃን መልዕክት መላክ በየሳሎናችን ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ነገር ነው ማለታቸው ነው። ቁጥር 8 ወዲያው ሞከረው። በስልኩ የጀርባ ካሜራ አልታየውም፣ በሰልፊው ካሜራ ግን ታየው። ምክንያቱ ብዙ የኋላ ካሜራዎች ኢንፍራሬድን የሚያጣራ መስታወት ስላላቸው ነው። መልሱ ላይ የለጠፈው ፎቶ ውስጥ ሪሞቱ በላስቲክ የታሰረ ነው፣ የባትሪ ክዳኑ የለም። የማን ቤት ሪሞት ክዳን አለው?

ቁጥር 9 እናት ናቸው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ይሄ ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ዓይናቸውን አይጎዳም ወይ ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥር 10 ግን ያልገባችሁን ነገር ከመጠየቅ አንብቡ የሚል ነገር ወረወረ። የክሩ ሙቀት ከዚህ ጀመረ። ቁጥር 11 እህታችን በትህትና ነው የጠየቁት፣ አንተ ስትወለድ አውቀህ ነው የመጣኸው ወይ ብሎ ገሰጸው። ቁጥር 12 መምህሩ ተመልሰው ለእናትየው ብቻ መልስ ሰጡ፣ ጠቡን እንዳላዩ ሆነው። ሪሞቱ እንኳ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ላይፋይ ከዚያ በብዙ እጥፍ የፈጠነ ነው። ዓይን የሚያስቸግረው በሰከንድ ጥቂት አሥር ጊዜ የሚንቀጠቀጥ መብራት ነው፣ ያ አሮጌው የኮሪደር ፍሎረሰንት። አስተማሪ ሲገኝ እንዲህ ነው።

ቁጥር 13 ያቺን 100 እጥፍ የምትባል ቁጥር ምንጯን ቆፍሮ አመጣ። ወሬው የተነሳው በ2015 መጨረሻ ነው። ቬልመኒ የተባለ የኢስቶኒያ ጀማሪ ኩባንያ ታሊን ከተማ ውስጥ በቢሮ ሞክሮ በሰከንድ 1 ጊጋቢት አገኘ። ጋዜጦቹ ያንን ከዚያን ጊዜው አማካይ የዋይፋይ ፍጥነት ጋር አስተያዩና 100 እጥፍ አሉ። ስለዚህ ቁጥሯ ዛሬ ካለው ዋይፋይ ጋር የምትነጻጸር አይደለችም። ከዚያ ሰውዬው አንድ የማይረሳ ነገር ጨመረ። ከውጭ ቤትህ የሚገባው መስመር 10 ሜጋ ከሆነ፣ ከራውተሩ እስከ ስልክህ ያለው ሦስት ሜትር 10 ጊጋ ቢሆንም የምታገኘው ያው 10 ሜጋ ነው።

ቁጥር 14 ላይ የክሩ ባለቤት ጨሰ። አገራችን የማታድገው አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አይሆንም የሚል ሰው ስለበዛ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች ከዚህ በኋላ አንተ ሆኑ። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በእኛ ሰው ክር ውስጥ ጸብ መጀመሩ የሚታወቀው ከስድብ በፊት በዚህ ነው።

ቁጥር 15 ስሜት የሌለው መልስ ነው፣ ስለዚህም ጠቃሚ። ላይፋይ አልሞተም ይላል። በ2023 አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802.11ቢቢ የሚባል ደረጃ አውጥቶለታል። የዋይፋይ ደረጃዎች የሚወጡበት ቤተሰብ ውስጥ ነው የገባው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 ሜጋቢት እስከ 9.6 ጊጋቢት። ግን ደረጃው የሚጠቀመው ከ800 እስከ 1,000 ናኖሜትር ያለውን ኢንፍራሬድ ነው። ዓይን የማያየውን። ማለትም አሁን የሚሠራው ላይፋይ ከአምፖሉ ተለይቷል፤ ኮርኒስ ላይ የሚለጠፍ፣ ቢበራ ቢጠፋ የማይታወቅ ሳጥን ሆኗል። አምፖል ቀይረን አገር እናገናኛለን የሚለው ሕልም እዚህ ላይ በራሱ በቴክኖሎጂው ባለቤቶች ተትቷል። የክሩ ባለቤት ግን ደረጃ ወጥቶለታል የሚለውን ብቻ አንብቦ ልብ ምልክት አደረገለት።

ቁጥር 16 ታዲያ ማን ነው የሚጠቀምበት ለሚለው ምሳሌ አመጣ። ስኮትላንድ ውስጥ ካይል አካዳሚ የሚባል ትምህርት ቤት በ2018 ክፍል ውስጥ ሞክሮታል፤ ተማሪዎቹ ላፕቶፓቸው ላይ የሚሰካ መቀበያ ተሰጣቸው። አውሮፓ ያለው የአሜሪካ ጦር ደግሞ በ2021 ፒዩርላይፋይ ከተባለው የኤድንብራ ኩባንያ መሣሪያ ገዝቷል። ጦሩ የፈለገው ቁጥር 4 የተማረረበትን ነገር ነው። ግድግዳ አያልፍም። ድንኳኑን ከዘጋህ ውጭ ያለ ሰው መስማት አይችልም፣ ሬዲዮ ስለሌለውም ጠላት በአንቴና ፈልጎ አያገኝህም። ቁጥር 17 ይሄን ሰምቶ እኔም የምፈልገው ለዚህ ነው አለ፤ ጎረቤቱ የዋይፋይ ፓስዎርዱን ከልጁ እየተቀበለ ለመላው ፎቅ አድሏል።

ቁጥር 18 ዋሽንግተን ዲሲ የሚነዳ ወንድማችን ነው። ስለ ላይፋይ ብዙም ግድ የለውም፣ ግን የሚያውቀውን ታሪክ አካፈለ። 13ኛውና ኬ ጎዳና ማዕዘን ላይ ፍራንክሊን ትምህርት ቤት የሚባል ቀይ የጡብ ሕንፃ አለ፣ አሁን ፕላኔት ወርድ የተባለ ሙዚየም ሆኗል። ሰው ለመጫን ብዙ ጊዜ እዚያ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ቀን ሲጠብቅ አነበበው። ስልክን የፈጠረው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1880 ከረዳቱ ከቴይንተር ጋር በዚያ ጣሪያ ላይ ድምፅን በፀሐይ ብርሃን ላኩ። ቴይንተር ጣሪያው ላይ ሆኖ ቀጭን መስታወት ላይ ይናገራል፤ መስታወቱ በድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ የወደቀው ፀሐይም አብሮ። ብርሃኑ 213 ሜትር ያህል ተጉዞ ቤል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሌኒየም የተባለ ብርሃን የሚቀበል ንጥረ ነገር ላይ ያርፋል። ቴይንተር የሰማኸኝ እንደሆን መስኮቱ ጋ ብቅ ብለህ ባርኔጣህን አወዛውዝ አለው፣ ቤልም አወዛወዘ። ያለ ሽቦ ስልክ ማለት ነው፣ የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ ገና ልጅ እያለ። ቤል ከስልኩም በላይ የሚኮራበት ይሄንን ነበር። ታዲያ ለምን ጠፋ ሲባል ሹፌራችን በአጭሩ መለሰው፤ ደመና ሲመጣ ጥሪው ይቋረጣል። ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው።

ቁጥር 19 ዲሲ ውስጥ ያ ሕንፃ ጋ ፓርኪንግ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቀ። እለፉት።

ቁጥር 20 ከቴሌኮም ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው፣ ቁጥር 10ም ሳይቀር። አምፖሉን ተዉት፣ ጣሪያ ላይ ውጡ ነው ያሉት። እሳቸው በጉልምስናቸው የማይክሮዌቭ ሰሃን ከተራራ ተራራ ሲያገጣጥሙ የኖሩ ናቸው። ያኔ አንዱ ባለሙያ አንድ ተራራ ላይ፣ ሌላው በሬዲዮ መገናኛ እየተነጋገሩ ሌላ ተራራ ላይ። ብሎኑን በትንሹ ታጠብቃለህ፣ የቮልት መለኪያውን ታያለህ፣ መርፌው ከፍ ካለ ጎሽ ትላለህ፣ ከወረደ ትመልሳለህ። በነፋስ ጣትህ ደንዝዞ መፍቻው ገደል የገባበት ጊዜ አለ። ዋናው ነገር መተያየት ነው፣ አገራችን ደግሞ መተያያ ተራራ አታጣም። ፋይበር ለመቅበር መንገድ መቆፈር አለብህ፤ ከተቀበረ በኋላም መንገድ ሠሪው በኤክስካቫተር ይቆርጠዋል። ብርሃንን ከጣሪያ ጣሪያ ብትልክ ግን ማንም አይቆርጠውም ይላሉ። የክሩ ሐሳብ ከክፍል ወደ ሜዳ የወጣው በሳቸው ነው፤ መጀመሪያውኑም ጥያቄው እዚህ መነሳት ነበረበት።

ቁጥር 21 የጋሼን ሐሳብ ይዞ ሮጠ። ይሄ ነገር ተሠርቷል፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ። ታራ ይባላል። ጉግል በፊኛ ኢንተርኔት ለማከፋፈል የሞከረበት ሉን የሚባል ፕሮጀክት ነበረው፣ በ2021 ተዘጋ። ፊኛዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የብርሃን ጨረር ግን ወደ ምድር ወረደ። አፍሪካ ውስጥ ኬንያ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ብራዛቪልና ኪንሻሳ። ሁለቱ ዋና ከተሞች በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው፣ ርቀታቸው 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ወንዙ ጥልቅና ፈጣን ስለሆነ ፋይበሩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ዞሮ ነው የሚደርሰው። በዚያ ምክንያት ኪንሻሳ ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት ከማዶው አምስት እጥፍ ይወደድ ነበር። ወዲህና ወዲያ አንዳንድ የትራፊክ መብራት የሚያህል ሳጥን ተሰቀለ፤ በሰከንድ እስከ 20 ጊጋቢት። በ2021 እንደገለጹት በ20 ቀን ውስጥ 700 ቴራባይት ገደማ አሻግሯል፣ ከጊዜው 99.9 በመቶውን ሳይቋረጥ። ጨረሩ ቀጭን ስለሆነ ምሰሶው በነፋስ ሲወዛወዝ ይስታል፤ ስለዚህ ውስጡ ያሉት መስታወቶች ራሳቸውን እያስተካከሉ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ 5 ሳንቲሜትር ነጥብ መምታት አለባቸው። የጋሼ ብሎንና መፍቻ እዚህ ላይ ወደ ሞተርና ሶፍትዌር ተለወጠ ማለት ነው። በ2025 ፕሮጀክቱ ከጉግል እናት ኩባንያ ወጥቶ ለብቻው ኩባንያ ሆኗል።

ደስታው ቁጥር 22 ላይ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው የደሴ መንገድ ልጅ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ። ቀን ተሌሊት የመኪናው መብራት ይበራል፣ ረዳቱ ወርዶ ከፊት እየሄደ በእጁ መንገድ ያሳያል፣ ከፊትህ ያለው አይሱዙ የኋላ መብራቱ የሚታይህ ልትገጨው ስትል ነው። የመኪና መብራት ያልበሳውን ጉም የእናንተ ጨረር በየት በኩል ነው የሚያልፈው?

ቁጥር 23 ዝናብም ማይክሮዌቩን ያዳክመዋል፣ ምን ለየው ብሎ ሊያስተባብል ሞከረ። መምህሩ ተመልሰው አረሙት፣ ቁጥር 24 ነው። ዝናብና ጉም አንድ አይደሉም። የዝናብ ጠብታ በሚሊሜትር የሚለካ ትልቅ ነገር ነው፣ ብርሃን በመሃል በመሃሉ ይሾልካል፤ ማይክሮዌቩን ግን በተለይ ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ይጎዳዋል። የጉም ጠብታ ደግሞ ደቃቅ ነው፣ መጠኑ ወደ ብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ስለሚጠጋ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ማይክሮዌቭ ግን ጉሙን ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲተካው ሁለቱን ጎን ለጎን መስቀል ነው የሚያዋጣው። የታራ ሰዎችም ጉም የሚበዛበት ቦታ አይመቸንም ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ብራዛቪል ጉም እምብዛም አይበዛባትም። ጣርማ በር ጣርማ በር ነው። ቆላማው ላይ፣ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ግን ሊያስኬድ ይችላል ባይ ናቸው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ክረምት ላይ እንጦጦን ከከተማው ጋር በብርሃን ብቻ ማገናኘት ግን አይታየኝም።

ቁጥር 25 ላይ ሌላ እሳት ተለኮሰ። የውጭ ኩባንያ ሰማያችን ላይ ጨረር ሲዘረጋ ዝም ልንል ነው ወይ የሚል ነው። ቁጥር 26 ቲክቶክህንና ጂሜልህን ማን ሠራልህ አለው። ቁጥር 27 በአስተባባሪው ተሰርዟል፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ቁጥር 28 የተሰረዘውን አንብቤዋለሁ፣ መሰረዙ ትክክል ነው አለ። ቁጥር 29 ምን ይል ነበር ብሎ ጠየቀ። ማንም አልነገረውም፣ እኔም አልነግራችሁም።

ቁጥር 30 አውሮፓ የሚኖር ሰው ነው፣ ለጠቡ ጥሩ መውጫ አመጣ። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ከዛሬ 20 ዓመት በፊት ሮንያ የሚባል ነገር ተሠርቶ ነበር። የማንም ኩባንያ ዕቃ አይደለም። ንድፉ በነጻ ተለቀቀ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው በየቤታቸው በእጃቸው ሠሩት። የብረት ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የማጉያ ሌንስ፣ ውስጡ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ፤ ከጎኑ ለመቀበያ ሌላ ቱቦ። ያንን ጣሪያ ላይ ሰቅለው ማዶ ካለው ጓደኛቸው ጣሪያ ጋር ያገጣጥሙታል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ እስከ 1.4 ኪሎ ሜትር። 10 ሜጋ ዛሬ ትንሽ ነው፣ ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው፣ ወርሃዊ ክፍያም የለውም። ሲያገጣጥሙት ማታ ይወጣሉ፤ ቀዩ ብርሃን በደንብ የሚታየው ማታ ነው።

ቁጥር 31 የኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። ከዶርም እስከ ላይብረሪ እንሞክረው፣ ብርሃን የሚቀበለው ፎቶዳዮድና ሌንስ የት ይገኛል አለች። ቁጥር 32 መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ፣ ከተሰበረ ቲቪና ፕሮጀክተር ይወጣል፤ ዋጋውን ግን መጀመሪያ አትጥሪ ብሎ መከራት። ቁጥር 33 ሶላር ፓኔልም መቀበያ ይሆናል አለ፤ ያው ፕሮፌሰር ሃስ በ2015 ሎንደን ላይ ብርሃኑን በሶላር ሴል ተቀብለው አሳይተዋል፣ ኃይሉንም ዳታውንም ከአንዱ ብርሃን። ተማሪዋ ይሄን ስታነብ ሦስት የደስታ ምልክት ላከች።

ቁጥር 34 የክሩ ባለቤት ተመልሶ መጣ። ተሳስቻለሁ አላለም፣ እንዲልም አልጠበቅኩም። ሮንያውን ለመሥራት ብሎን፣ ቱቦና የምሰሶ ወጪ እኔ እሸፍናለሁ፣ ማን ይሰቅለዋል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 35 ያ ገመድ ዘርጊው ነው። ትራንስፖርቱን ከቻላችሁኝ ቅዳሜ ነጻ ነኝ አለ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ቆርቆሮ ላይ በሳንዳል አልወጣም። ሁለቱም እርስዎ ወደ መባባሉ ተመልሰዋል።

ቁጥር 36 በወር የሚቃጠለውን የኤልኢዲ አምፖል ትቶ የማይቃጠለውን የትኛው ሱቅ እንደሚሸጥ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ የአምፖል ዋጋ ነው።